በባለቤቱ ስም የገባ እንግዳ፦ የድረ ገጽ ክትትልና የዶሜይን ስም አጭር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። በተለይ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ የታሪክ ተመራማሪ ሳይሆን የኮምፒውተር ባለሙያ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አንድ ድርጅት የድረ ገጹን ጎብኚዎች የሚቆጥርበትንና የሚከታተልበትን መሣሪያ በራሱ የዶሜይን ስም ሥር ሲያስቀምጥ ምን ማድረጉ ነው? ለምንስ ያደርገዋል? ሥራው ራሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በዶሜይኑ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፤ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ ከዚያም እስከ ትናንት በሌላ ኩባንያ ስም ይሠራ የነበረው መከታተያ በድርጅቱ ስም መሥራት ይጀምራል። ጎብኚው የሚያየው ለውጥ የለም። ብራውዘሩ ግን እስከ ትናንት እንግዳ ሲለው የነበረውን ዛሬ የቤቱ ባለቤት ይለዋል።

ይህች አንድ መስመር ከኋላዋ የአርባ ዓመት ታሪክ አለባት። ታሪኩም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፦ ስም ባለቤትነትን ያስረዳልን? በአገራችን ማኅተም ያለው ሰው በማኅተሙ ለታተመው ሁሉ ተጠያቂ ነው። ማኅተሙን ለሌላ ቢያውስ እንኳ ተጠያቂነቱን አብሮ አያውስም። በኢንተርኔት ላይ ይህ ደንብ እንዴት እንደላላ፣ ማን እንዳላላው፣ ለማጥበቅስ ምን እንደተሞከረ በቅደም ተከተል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስም አድራሻ የሆነበት ዘመን

የኢንተርኔት አባት በሚባለው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮች ስምና የቁጥር አድራሻ በአንድ ፋይል ብቻ ተመዝግቦ ይያዝ ነበር። ፋይሉ የሚጠበቀው በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በነበረው የመረጃ ማእከል ነበር፤ ማእከሉንም ኤልዛቤት ፋይንለር ይመሩት ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያለው ተቋም ለማእከሉ ያስታውቃል፤ ማእከሉም በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ሌሎችም የታደሰውን ፋይል ይወስዳሉ። ኮምፒውተሮቹ በመቶዎች በሚቆጠሩበት ጊዜ ይህ አሠራር በቂ ነበር። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን አንድ ማእከል ሁሉን መመዝገብ አልቻለም።

በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬ ዲ.ኤን.ኤስ. የምንለውን የዶሜይን ስሞች ሥርዓት በሁለት ሰነዶች አቀረቡ። በ1987 ተሻሽለው የወጡት ሰነዶችም እስከ ዛሬ ድረስ የሥርዓቱ መሠረት ሆነው ቀጥለዋል። የሥርዓቱ ዋነኛ ሐሳብ ሥልጣንን ማከፋፈል ነበር። አንድ ተቋም የራሱን ስም ከተረከበ በኋላ ከዚያ ስም በታች ያሉትን ንዑስ ስሞች ማንንም ሳያስፈቅድ ይፈጥራል፣ ይሰርዛል፣ ወደ ፈለገበትም ያመለክታል።

በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተካተተ አንድ የመዝገብ ዓይነት አለ፤ ባለሙያዎች «ሲኔም» ይሉታል። ይህ መዝገብ «ይህ ስም የዚያ ስም ሌላ መጠሪያ ነው» የሚል ነው። ዓላማው ቅን ነበር። አንድ አገልግሎት ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲዛወር ተጠቃሚዎች የለመዱትን ስም እንዳያጡ ለማድረግ የታሰበ ነበር። መዝገቡ ሁለቱ ስሞች የአንድ ባለቤት መሆን አለባቸው አይልም። በ1983 ይህን ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረም፤ ስሙ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ፣ ማለትም ቦታ ለማግኘት ነበርና። ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ኩኪና ሳይታሰብ የተከፈተው በር

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በ1994 ነው። በዚያ ጊዜ ድረ ገጾች ትዝታ አልነበራቸውም። አንድ ጎብኚ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሰርቨሩ ያው ሰው መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሉ ሞንቱሊ ለዚህ ችግር መፍትሔ አዘጋጁ፤ ሰርቨሩ ትንሽ ጽሑፍ ለብራውዘሩ ይሰጣል፤ ብራውዘሩም ወደዚያው ሰርቨር በተመለሰ ቁጥር ጽሑፉን ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ኩኪ ተባለ። ለሥራው መነሻ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የመረጣቸውን ዕቃዎች የሚያስታውስ የግዢ ቅርጫት ማስፈለጉ ነበር።

ሞንቱሊ አንድ አስፈላጊ ጥንቃቄ አድርገው ነበር። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በድረ ገጾች ሁሉ የሚታወቅበት አንድ ቋሚ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ፣ ኩኪ ወደ ተሰጠበት ዶሜይን ብቻ እንዲመለስ ተደረገ። አንዱ ድረ ገጽ የሰጠውን ሌላው አያየውም። በዚህ ውሳኔ ግን የዶሜይን ስም ያልነበረው አዲስ ኃላፊነት ተጫነበት። ቦታን ለማግኘት የተፈጠረው ስም ከእንግዲህ የባለቤትነት መለያ ሆነ። ስሙ አንድ ከሆነ ባለቤቱም አንድ ነው ተብሎ ታሰበ።

ሳይታሰብ የተከፈተው በር ከሌላ አቅጣጫ መጣ። አንድ ገጽ ከሌላ ሰርቨር ላይ ምስል አምጥቶ ማሳየት ይችላል። ምስሉን ያቀረበው ሰርቨርም እንደማንኛውም ሰርቨር ኩኪ መስጠት ይችላል። እንግዲህ በሺህ ገጾች ላይ ምስል የሚያስቀምጥ የማስታወቂያ ኩባንያ ቢኖር፣ አንዱ አንባቢ በሺሁም ገጾች ላይ ሲዘዋወር ያንኑ ኩኪ እያሳየው ያልፋል ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ደብልክሊክ የተባለው የማስታወቂያ ኩባንያ ንግዱን የገነባው በዚህ መንገድ ነው። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለውም ይኸው ነው፤ አንባቢው አንደኛ ወገን፣ ማለትም የሚጎበኘው ድረ ገጽ፣ ቤት ገብቶ ሳለ ከግድግዳው ጀርባ የሚመዘግበው ሌላ ወገን አለ።

ያልተከበረው ደንብ

የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች አደጋውን ለማየት አልዘገዩም። በየካቲት 1997 የወጣውና ዴቪድ ክሪስቶል ከሞንቱሊ ጋር ያዘጋጁት የመጀመሪያው የኩኪ ደንብ፣ ብራውዘሮች ተጠቃሚው ራሱ ካልጎበኘው ሰርቨር የሚመጣን ኩኪ በነባሪነት እንዳይቀበሉ ያዝዝ ነበር። ይህ ቢከበር ኖሮ ዛሬ የምናወሳው ታሪክ አብዛኛው ባልተከሰተ ነበር። ዳሩ ግን ገበያውን የያዙት ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት ይህን ክፍል አልተከተሉም። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ትእዛዙን ቢደግመውም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በ2011 የወጣው ሦስተኛው ደንብ ደግሞ ብራውዘሮች በተግባር የሚያደርጉትን መዝግቦ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ነገር ለእነርሱ ውሳኔ ተወው። ሕግ በተግባር የተሸነፈበት ግልጽ ምሳሌ ይህ ነው።

ሕዝቡ ጉዳዩን የተገነዘበው ደብልክሊክ በ1999 አባከስ ዳይሬክት የተባለውን የደንበኞች ስምና የግዢ ታሪክ የያዘ ኩባንያ ለመግዛት ሲስማማ ነው። ስም የለሹ የኩኪ መዝገብ ከእውነተኛ ስምና አድራሻ ጋር ሊጣመር ነው ማለት ነበር። ተቃውሞው ስለበረታ ኩባንያው በመጋቢት 2000 እቅዱን ለጊዜው መተዉን አስታወቀ። ደብልክሊክን ራሱን ጉግል በ2008 ጠቅልሎ ወሰደው።

የራስ ኩኪ፣ የሌላ ስክሪፕት

ከማስታወቂያው ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ያድግ ነበር፤ የጎብኚዎች ቆጠራ። በመጀመሪያ ድረ ገጾች አንባቢዎቻቸውን የሚቆጥሩት በራሳቸው ሰርቨር መዝገብ ነበር። ቆየት ብሎ ግን በገጹ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ስክሪፕት፣ ዛሬ «ታግ» የምንለው፣ ይህን ሥራ ተረከበ። ጉግል በ2005 ኧርቺን የተባለውን የቆጠራ ኩባንያ ገዛ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም ጉግል አናሊቲክስን በነፃ አቀረበ። ዛሬ በማስታወቂያ አድራሻዎች ጭራ ላይ «ዩ.ቲ.ኤም.» የሚሉ ፊደላት ስታዩ፣ የመጀመሪያው ፊደል የዚያ የጠፋ ኩባንያ ስም ቅሪት መሆኑን አስታውሱ።

የዚህ መሣሪያ አሠራር ለታሪካችን ቁልፍ ነው። ስክሪፕቱ የሚመጣው ከጉግል ሰርቨር ነው፤ ኩኪውን የሚጽፈው ግን በሚጎበኘው ድረ ገጽ ስም ነው። ብራውዘሩ ስሙን አይቶ «ይህ የአንደኛ ወገን ኩኪ ነው» ይላል፤ በስሙ ከሄድን ትክክል ነው። ጽሑፉን የጻፈው እጅ ግን የሌላ ነው። እነሆ «አንደኛ ወገን» የሚለው ቃል ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ትርጉም ያዘ፤ አንደኛው የስሙን፣ ሁለተኛው የባለቤቱን።

ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ በሲኔም መዝገብ መጠቀም ጀመሩ። ኦምኒቹር የተባለውና በ2009 አዶቢ የገዛው የቆጠራ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ በራሳቸው ዶሜይን ሥር ንዑስ ስም ፈጥረው ወደ እርሱ ሰርቨር እንዲያመለክቱ መንገድ ያመቻች ነበር። ይኸው ኩባንያ በስም ላይ የነበረውን አያያዝ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በ2007 መጨረሻ አነጋግሮ ነበር። የአዶቢ ሶፍትዌር ይገናኝበት የነበረው አንደኛው የኦምኒቹር አድራሻ፣ በአንድ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ብቻ የሚጠቀሙበትን የቁጥር አድራሻ የሚመስል ሆኖ ተገኘ። በቁጥሮቹ መካከል ዜሮ የሚመስለው ምልክት ዜሮ ሳይሆን የላቲን ፊደል ነበር። ሲያዩት የውስጥ አድራሻ፣ ሲመረመር የውጭ ዶሜይን። ስም ቦታን ማመልከቱ ቀርቶ መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል።

የሳፋሪ ገደብና ያስከተለው ለውጥ

የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ በ2003 ሲወጣ ተጠቃሚው ካልጎበኘው ድረ ገጽ የሚመጣ ኩኪን በነባሪነት የማይቀበል ሆኖ ነበር። ጉግል ይህን ክልከላ በማለፍ ተጠቃሚዎችን ተከታትሏል በሚል ክስ በ2012 ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 22.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አፕል በ2017 ደግሞ ከዚህ የጠነከረ መከላከያ አወጣ፤ ተከታታይ ድርጅቶችን ራሱ እየለየ ኩኪያቸውን የሚገድብ ነበር። ሞዚላም በ2019 ፋየርፎክስ የታወቁ ተከታታዮችን የሦስተኛ ወገን ኩኪ በነባሪነት እንዲያግድ አደረገ። ሳፋሪ በመጋቢት 2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ ዘጋ።

ለዛሬው ርዕሳችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየካቲት 2019 የወጣው የሳፋሪ ውሳኔ ነው። በዚህ ውሳኔ መሠረት በገጹ ውስጥ ያለ ስክሪፕት የሚጽፈው ማናቸውም ኩኪ፣ የአንደኛ ወገን ስም ቢኖረውም እንኳ፣ ዕድሜው ከ7 ቀን እንዳይበልጥ ተገደበ። አፕል ከላይ ያነሣሁትን ሁለት ትርጉም አይቶ ነበር፤ ስሙ የባለቤቱ፣ እጁ የሌላ። በሰርቨር በቀጥታ የሚሰጥ ኩኪ ግን በዚህ ገደብ አልተነካም።

የሚቀጥለውን መገመት አያስቸግርም። ስክሪፕት የሚጽፈው ኩኪ በ7 ቀን የሚሞት ከሆነ፣ ሰርቨር የሚሰጠው ደግሞ ከዓመት በላይ የሚኖር ከሆነ፣ መከታተያው ሰርቨር መሆን አለበት። ሰርቨሩ በድረ ገጹ ስም ኩኪ እንዲሰጥ ደግሞ በድረ ገጹ ስም ሥር መቀመጥ አለበት። ጋዜጣ.ኮም የተባለ ድረ ገጽ ቢኖር፣ «ቁጥር.ጋዜጣ.ኮም» የሚል ንዑስ ስም ፈጥሮ ወደ ተከታታዩ ኩባንያ ሰርቨር ያመለክታል። የምስክር ወረቀቱም ችግር አይሆንም፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ስሙ ወደ እርሱ የሚያመለክት መሆኑን ላሳየ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሰጣልና። በነሐሴ 2020 ጉግል ታጎችን በሰርቨር በኩል የማስተናገድ አገልግሎት ለሕዝብ ሙከራ ሲያቀርብ፣ ሰርቨሩን በራስ ዶሜይን ሥር ማድረግ የሚመከር አሠራር ሆነ። ጉግል በጥር 2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን በሁለት ዓመት ውስጥ ከክሮም እንደሚያስወግድ ማስታወቁም ጥድፊያውን አባብሶት ነበር። ጉግል ቀኑን ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በ2024 እቅዱን ትቶታል፤ በ2025ም ይህንኑ አጽንቷል። በዚያ ፍራቻ የተተከሉት ንዑስ ስሞች ግን አልተነቀሉም።

የፓሪሱ ጋዜጣ

በኅዳር 2019 የማስታወቂያ ማገጃ ሶፍትዌር የሚከታተሉ ሰዎች በፈረንሳዩ ጋዜጣ በሊበራሲዮን ድረ ገጽ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ከጋዜጣው ዶሜይን በታች ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ቅንብር የሆነ ንዑስ ስም ነበር። መዝገቡ ሲመረመር ኦይለሪያን ወደሚባል የክትትል ኩባንያ የሚያመለክት ሲኔም ሆኖ ተገኘ። የማገጃ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት የታወቁ ተከታታዮችን ስም በዝርዝር ይዘው ነው፤ የጋዜጣውን የራሱን ስም ሊያግዱ አይችሉም።

ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማገጃ የሚያዘጋጁት ሬይመንድ ሂል በየካቲት 2020 ባወጡት እትም ሶፍትዌሩ የሲኔሙን መዳረሻ ስም ፈልጎ እንዲመረምር አደረጉ። ይህ የሚቻለው ግን በፋየርፎክስ ብቻ ነበር፤ ፋየርፎክስ ለተጨማሪ ሶፍትዌሮች የዶሜይን መዝገብን የመጠየቅ ፈቃድ ሲሰጥ ክሮም ይህን አይሰጥምና። በ2020 መጨረሻ ብሬቭ የተባለው ብራውዘር ሲኔምን እየገለጠ ማገድ ጀመረ፤ ሳፋሪም በእንዲህ ያለ ንዑስ ስም የሚሰጥን ኩኪ በ7 ቀን ገደበ።

ተከታታዮቹም ዝም አላሉም። ሲኔም የሚገለጥ ከሆነ፣ ንዑስ ስሙን ወደ ሌላ ስም ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቁጥር አድራሻ ማመልከት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚገለጥ ሌላ ስም አይኖርም። ሳፋሪ በ2023 በእትም 16.4 ለዚህም መልስ ሰጠ። የንዑስ ስሙን ቁጥር አድራሻ ከዋናው ድረ ገጽ አድራሻ ጋር እያነጻጸረ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ የማይመሳሰል ሲሆን ኩኪውን በ7 ቀን ይገድባል። እንግዲህ ከ1994 እስከ 2023 የተጓዝነውን መንገድ ተመልከቱ። ስም የባለቤትነት ማስረጃ ተደርጎ ተሾመ፤ ስም ሲጠረጠር የስሙ ዘመድ ተመረመረ፤ ያም አላዋጣ ሲል ወደ ቁጥር ተመለስን። አርባ ዓመት ሙሉ ከቁጥር ለመገላገል ያገለገለን ስም በመጨረሻ በቁጥር መዳኘቱ ነው።

ሞክሼው የሚወስደው

በዚህ ስፍራ «ይህ ሁሉ የአፕልና የማስታወቂያ ኩባንያዎች ጠብ አይደለምን? እኛን ምን አገባን?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሚያገባን ሞክሼ ስለሆነ ነው። በአንድ ሰፈር ሁለት ሰዎች አንድ ስም ቢኖራቸው፣ ለአንዱ የተላከ ደብዳቤ ለሌላው ሊደርስ ይችላል። በዶሜይን ላይም የሚሆነው ይኸው ነው።

ብዙ ድረ ገጾች ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ የሚሰጡትን ኩኪ በዶሜይኑ ሥር ላሉ ንዑስ ስሞች ሁሉ እንዲታይ አድርገው ያዘጋጁታል። ይህ የሚደረገው ሰውየው ከዜናው ክፍል ወደ ደንበኝነት ክፍሉ ሲያልፍ እንደገና እንዳይጠየቅ ነው። «ቁጥር.ጋዜጣ.ኮም» የሚለው ንዑስ ስም ወደ ውጭ ኩባንያ ሲያመለክት ግን ያ ኩኪ ለዚያ ኩባንያም ይላካል። ኩኪውን የያዘ ሰው ደግሞ የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ባለቤቱን መስሎ መግባት ይችላል። በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት፣ በዓለም ላይ ብዙ ጎብኚ ካላቸው 10,000 ድረ ገጾች መካከል 9.98 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሲኔም የተሸሸገ ክትትል አግኝቷል፤ ከእነዚህም በአብዛኞቹ ላይ ኩኪ ለተከታታዩ ሲፈስ ታይቷል። ይህ የሆነው በክፋት ብቻ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ የመግቢያውን ኩኪ ሲያዘጋጅ ከዓመታት በኋላ ሌላው ሠራተኛ በዚያው ስም እንግዳ እንደሚያስገባ አላወቀም።

ነገሩን በውክልና ብንመስለው ይቀልላል። ሕጋችን ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ለያይቶ ያያል። ንዑስ ስሙን የሰጠው ድርጅት ለአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ለቆጠራ፣ የወከለ መስሎት ሳለ፣ በኩኪው አዘገጃጀት ምክንያት ያላሰበውን ጨምሮ አሳልፎ ሰጥቷል። ውክልናውን መሻርም ይረሳል። ከኩባንያው ጋር የነበረው ውል ካበቃ በኋላ የመዝገቡ መስመር ሳይሰረዝ ቢቀር፣ በተተወው መዳረሻ ላይ ሌላ ሰው ሊሰፍርበት ይችላል፤ ያን ጊዜ የድርጅቱን ስም የሚናገረው ድርጅቱ ፈጽሞ የማያውቀው ሰው ይሆናል።

ፍርድ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይሰጥም። ታጎችን በራስ ሰርቨር በኩል ማሳለፍ በቅንነት ሲሠራበት አንባቢውን ሊጠቅም ይችላል። የውጭ ስክሪፕት በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ እንዳሻው ከሚሮጥ ይልቅ፣ ድረ ገጹ መረጃውን ራሱ ተቀብሎ፣ የማያስፈልገውን ቆርጦ፣ የቀረውን ብቻ ወደ ውጭ ቢልክ የተሻለ ነው። ማስታወቂያ ብቻ የሚያኖረው ትንሽ የዜና ድርጅትም ስንት ሰው እንዳነበበው ማወቅ ሕልውናው ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ እንደ በር ጠባቂም እንደ መጋረጃም ያገለግላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱን የሚለይበት ምልክት አለመኖሩ ነው ችግሩ።

ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነው

ብራውዘር ስምን ይመረምራል፤ ሕግ ግን የሚመረምረው ስምን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣውና በ2009 ያሻሻለው መመሪያ፣ በሰው መሣሪያ ላይ መረጃ ማስቀመጥም ሆነ ከመሣሪያው ማንበብ፣ ለተጠየቀው አገልግሎት የግድ ካላስፈለገ በቀር፣ የሰውየውን ፈቃድ ይጠይቃል። ኩኪው በማን ዶሜይን ስም እንደተሰጠ አይጠይቅም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2019 «ፕላኔት49» በተባለው ጉዳይ ላይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል እንደማይችል ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ «ፋሽን አይዲ» በተባለው ጉዳይ፣ የሌላ ኩባንያ መሣሪያ በገጹ ላይ ያስቀመጠ ድረ ገጽ መረጃው ለሚሰበሰብበትና ለሚላክበት ተግባር ከኩባንያው ጋር በጋራ ተጠያቂ መሆኑን ፈረደ። ይህ የማኅተሙ ደንብ ነው፤ በስምህ የሆነውን አላውቅም ማለት አይበቃም።

በአገራችንም ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ሲደነግግ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም በግልጽ ያካትታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ወጥቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንን በአማርኛ የሚያገለግሉ ድረ ገጾችም ቢሆኑ አንባቢዎቻቸው በአውሮፓ ሲሆኑ የዚያን አህጉር ሕግ መመልከት ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህ በዶሜይን መዝገቡ ላይ ያችን አንድ መስመር የሚጽፍ ባለሙያ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሕጋዊ ውጤት ያለው ሰነድ እየፈረመ ነው።

መዝጊያ

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። በ1983 ስም የተፈጠረው ቦታን ለማመልከት ነበር። በ1994 ለአመቺነት ሲባል ባለቤትን እንዲያመለክት ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ትግል ሁሉ ስሙ ሊሸከም የማይችለውን ሸክም ለማሸከምና ከተሸከመው በታች ለመደበቅ የተደረገ ትግል ነው። ብራውዘር የቱንም ያህል ቢራቀቅ ከስም ወደ ስም፣ ከቁጥር ወደ ቁጥር ይሄድ እንደሆነ እንጂ በሁለት ኩባንያዎች መካከል የተፈረመውን ውል ማንበብ አይችልም።

ስለዚህ ለነገዎቹ ባለሙያዎች፣ በተለይም በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁት ተማሪዎች፣ ሦስት ጥያቄዎችን ትቼላችሁ ልሂድ። አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት መከታተያውን በራሱ ዶሜይን ሥር እንድታስገቡለት ያዝዛችኋል። የመዝገቡን መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ በዚህ ስም የሚቀመጠው ሰርቨር የማን ነው? በመግቢያው ኩኪ ምክንያት ያላሰብነው ነገር አብሮ ይሄድለታልን? ውሉ ሲያበቃ ይህን መስመር የሚሰርዘው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁና መልሱን ለአንባቢው በግልጽ ለመንገር የማታፍሩ ከሆነ ጻፉት። የምታፍሩ ከሆነ ግን እንግዳውን በባለቤቱ ስም እያስገባችሁት ነውና እጃችሁን ሰብስቡ።